የ15 ዓመት ድመቴ ሌሊት ትጮኻለች፤ እርጅና ነው ወይስ በሽታ?

የቅዳሜ ገበያዋ ሰፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድመት ያስረጀ ሰው ይምከረኝ። «ለድመት ደግሞ ምክር?» የሚል ካለ ይለፈኝ፤ እሱን ከቤተሰቤ በየቀኑ እየሰማሁት ነው።

የምኖረው ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ጓዳና መኝታ። ድመታችን እሜቴ ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ወንድሜ ነው፤ ገና መዳፍ ሳትሞላ ጀምራ ሰውን ከላይ እስከ ታች ገላምጣ ነበር የምታየው። እማዬ በነጠላዋ ጠቅልላ ያመጣቻት በ2003 የከተራ ዕለት ነው። ስለዚህ ዕድሜዋን በግምት አልናገርም፤ 15 ሞልቷታል።

ሥራዋ አይጥ ማደን ነበር። እዚህ ሰፈር እህል ሻጩ ብዙ ነው፣ አይጡም አይጣል ነው። ደንበኛ አምናኝ የሰጠችኝን የሀገር ልብስ አይጥ ጥለቱን ቢበላው ከየት አምጥቼ እከፍላለሁ? እሜቴ ደህና በነበረችበት ዘመን ይህ ሥጋት አልነበረብኝም። ሱቁን ያቆምነው እኔና ሲንጀሬ ብቻ አይደለንም፤ እሷም አለችበት።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ተለወጠች። መጀመሪያ መዝለል ተወች። ቀኑን ሙሉ የምትተኛው የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነበር። አሁን የፊት እግሮቿን በርጩማው ላይ ታደርግና ሽቅብ ታያለች፤ ከዚያ ሐሳቧን ትቀይራለች። ወገቧ አካባቢ ጸጉሯ ተጠላልፎ ቋጠሮ ሆኗል። ቀጥሎ የውኃ ጥም መጣ። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በርሜልና ጀሪካን ሞልተን ነው የምንኖረው። እሷ ደግሞ ያገኘችውን ትጠጣለች፤ ሲኒ የታጠበበትን ሳይቀር። የጠጣችውን ያህል ትሸናለች። ዕድሜዋን ሙሉ አመድ ላይ ነበር የምትወጣው፤ አሁን የተቆረጠ ጨርቅ ላይ ሆኗል። አንድ የሙሽራ ሚዜ ቀሚስ እንደገና ቆርጫለሁ በእሷ ምክንያት።

የሚገርመኝ ደግሞ ምግብ አልዘጋትም። እንዲያውም ከድሮው ይልቅ ትበላለች። ግን አጥንቷ ይቆጠራል። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ መሀል ቤት ትቆምና ትጮኻለች። የወንድ ፍለጋው ጩኸት አይደለም፣ እሱን አውቀዋለሁ። ረጅም ነው፣ ከሆዷ ነው የሚወጣው። ስሟን ስጠራት ዝም ትላለች፤ መብራቱን ሳጠፋ እንደገና።

ጎረቤቶቻችን «ድመት ሌሊት ስታለቅስ ደግ አይደለም» እያሉ እማዬን አስፈራሯት። ሌላዋ ደግሞ አብዳለች አለች። ወንድሜ «በማዳበሪያ አድርጌ አንገረብን አሻግሬ ልተዋት፣ ትንሽ ድመት እናምጣ» ይላል። እማዬ ይህን አትሰማም፤ «እዚሁ ቤቷ ትሙት» ነው የምትለው። ግን የእማዬም ነገር ችግር አለው። ሁዳዴ ነው። 55 ቀን ሥጋ ቤታችን አይገባም፣ ድስቷን አታስነካም። ድሮ እሜቴ ጾሙን በአይጥ ነበር የምታልፈው። አሁን የምትበላው ሽሮ ፍትፍት ነው፤ ሆዷም ደርቋል።

አንድ ቦታ ወስጃት ነበር። ሰውየው እጁን ሳያሳርፍባት ሳቀና «እርጅና ነው፣ ሌላ አምጪ» አለኝ።

የምጠይቃችሁ፦ እውነት እርጅና ብቻ ነው? በጾም ምን ላብላት? አንዷ ጎረቤቴ ወገቧን አሟት ይሆናል፣ ግማሽ ፓናዶል በወተት ስጫት ብላኛለች፤ ይሆናል ወይ? ጊዜዋ ደርሶ ከሆነ ደግሞ ሳትሰቃይ የሚደረግ ነገር ካለ ንገሩኝ። ማዳበሪያውን ግን አትንገሩኝ።


የእንስሳት ሐኪም፣ ማራኪ፦

ፓናዶሉን አትስጪያት። ሌላውን ረጋ ብለሽ ታነቢዋለሽ፣ ይህን ግን አሁኑኑ ለጎረቤትሽም ንገሪ። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን የሚያከሽፍበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። ግማሽ ክኒን ለሰው ምንም ነው፤ እንደ እሜቴ ለከሳች ድመት ግን መግደል ይችላል። ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፣ ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አይቡፕሮፌንም ዳይክሎፌናክም ያው ናቸው፤ የሰው ማስታገሻ ለድመት በግምት አይሰጥም።

አብዳለች ያሉሽን እርሺው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱን ያሳየ ድመት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ቀን አያልፍም። ያንቺዋ ከክረምት ጀምሮ እየጮኸች ሽሮ እየበላች ነው። ክትባቱን ካልወሰደች ግን ስትመጪ እግረ መንገድሽን አስከትቢያት።

አሁን ወደ ዋናው። እርጅና ራሱ ውኃ አያስጠማም። ብዙ የምትጠጣ፣ ብዙ የምትሸና፣ የምትከሳ ያረጀች ድመት ስትመጣልን መጀመሪያ የምናስበው ኩላሊት፣ የእንቅርት ዕጢና ስኳር ነው። ኩላሊት በሽማግሌ ድመቶች ላይ እጅግ የተለመደ ነው። ክፋቱ ምልክቱ የሚታየው አብዛኛው የኩላሊቷ ሥራ ከቆመ በኋላ መሆኑ ነው። ሽንቱን ማወፈር ያቅታታል፣ ውኃው ዝም ብሎ ያልፋል፣ እሷ ደግሞ ለመተካት ትጠጣለች። ስለዚህ ጨርቅ እንዳታበላሽ ብላችሁ ውኃ እንዳትከለክሏት። ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል፤ ድመቷን በቀናት ውስጥ ይጥላታል።

ግን የኩላሊት ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ምግብ ይዘጋታል። ያንቺዋ እየበላች ነው የምትከሳው፣ ሌሊትም ትጮኻለች። በዚህ የተነሳ እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው እንቅርቷን ነው። አንገቷ ላይ ያለው ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ሰውነቷ ሌት ተቀን ይነዳል፤ ልቧ ይሮጣል፣ የበላችው ይቃጠላል፣ እንቅልፍ ያጣል። ይህ ደግሞ የሚታከም ነው። መድኃኒቱ ሜቲማዞል ወይም ካርቢማዞል ይባላል፤ ለሰውም የሚታዘዝ ስለሆነ ፋርማሲ መጠየቅ ይቻላል። መጠኑን ግን ሐኪም ነው የሚወስነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ አምጪያት። በጠዋት ነይ። ግቢው ውስጥ በሬ፣ አህያና ውሻ ይጠብቅሻል፤ ስለዚህ ክዳን ባለው ቅርጫት አድርገሽ በነጠላ ሸፍኚያት። የደም ምርመራ ያስፈልጋታል፤ የኩላሊቱን ክሬቲኒን፣ ስኳሩንና የእንቅርቱን ቲ-ፎር ጠይቂ። ሽንት ይዘሽ ብትመጪ ደግሞ ሥራችንን ታቀልያለሽ። ለአንድ ሌሊት አመዱን አንሺና ታጥቦ የደረቀ ደቃቅ ጠጠር ሳፋው ላይ አድርጊ። ጠጠር ሽንት አይመጥም። ሳፋውን አዘንብለሽ በስሪንጅ ቅጂው፣ በዚያው ቀን አምጪው።

ዛሬ ማታ የምታደርጊው አንድ ነገር፦ ዓይኖቿን በመብራት እዪ። ጥቁሩ ክፍል በብርሃን ካልጠበበ፣ ወይም ዕቃ የምትጋጭ ከሆነ የደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በሽታዎች ግፊት ያመጣሉ፣ ግፊት ደግሞ በአንድ ሌሊት ያሳውራል። እንደዚያ ከሆነ ለነገ አትበይ።

ስለ መጨረሻው ጥያቄሽ፤ አዎ፣ በመርፌ ሳትሰቃይ ማሳረፍ ይቻላል። ግን ሳትመረመር አልመልስልሽም።


እውነት ተናጋሪ፦

ይቅርታ፣ ሰው የሚበላው ባጣበት ዘመን ለድመት የደም ምርመራ? አይጥ የማትይዝ ድመት ምን ታደርጋለች? አይጥ መርዝ ከገበያ ግዢ፣ በጥቂት ብር ያልቃል።


የአዘዞዋ እናት፦

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ። እኔ ስናገር የምትጽፈው ልጄ ናት፤ ዓይኔ ለስልክ አይሆንም።

መጀመሪያ ለዚህ ከላይ ላለው ልጅ። መርዝ የበላች አይጥ ቶሎ አትሞትም፤ ስትንፏቀቅ ትቆያለች። ያረጀች ድመት የምትይዘው ደግሞ ያችን የምትንፏቀቀዋን ነው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ? አሥር ዓመት ያላደነች ብትሆን እንኳ እግሯ ሥር ያለፈችውን አትተዋትም። እኛ ቤት እንዲህ ነው አንዷ የሞተችብን፤ ጎረቤት ያስቀመጠውን መርዝ አይጧ ይዛው መጣች። በአፍንጫዋ ደም ወጣ። ስለዚህ ልጄ፣ ለጎረቤቶችሽም ንገሪያቸው። አይጡን በወጥመድ ያዙት።

አሁን ወደ አንቺ። የእኔ ድመት 17 ዓመቷ ነው፤ ጥርስ የላትም፣ አትሰማም፣ ግን አለች። ጨርቅሽ ላይ የምትሸናው ጠልታሽ አይደለም። ሳፋው ከፍ ያለ ነው ወይ? ጉልበቷን ካመማት ጠርዙን መሻገር ያቅታታል። እኔ የዘይት ጀሪካን በቁመቱ አስቆርጬ፣ ባንድ በኩል ጠርዙን መሬት ድረስ አወረድኩላት። አመዱንም ለወንዝ አሸዋ ቀየርኩት። አመድ እርጥብ እግር ላይ ይጋገራል፣ ስትልሰው ደግሞ ሆዷ ይገባል። ሳፋው አንድ አይበቃም፤ አንዱን ሱቁ ውስጥ፣ አንዱን ጓዳ አድርጊ። ሌሊት ሩቅ መሄድ አትችልም።

ጠረጴዛሽን ከወደደችው መወጣጫ ሥሪላት። በርጩማ፣ ከበርጩማው ዝቅ ያለ ደግሞ ሌላ ነገር፣ ላዩ ላይ የማያንሸራትት ጨርቅ። አንቺ ጨርቅ አታጪም። የእኔዋ መወጣጫ ሲሠራላት መጀመሪያ ንቃው አለፈች። ማንም በማያይበት ሰዓት ነው የወጣችው። ኩራት አላቸው።

የጎንደር ብርድ ደግሞ ለሽማግሌ አጥንት መጥፎ ነው። ማታ ሀይላንድ ላይ ሙቅ ውኃ ሞልተሽ፣ ክዳኑን አጥብቀሽ፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለሽ አጠገቧ አድርጊላት። ውኃው የፈላ አይሁን፤ ፕላስቲኩም ይቀልጣል እሷም ትቃጠላለች። ከሰል አስቀምጠሽ በር ዘግተሽ እንዳትተኚ፤ ይህ ለእሷ ብቻ አይደለም።

ቋጠሮውን በመቀስ አትንኪው፣ ሰፊ ብትሆኚም። የሽማግሌ ድመት ቆዳ ስስ ነው፣ ከጸጉሩ ጋር ይነሳል። በጣትሽ ቀስ እያልሽ ፍቺው፣ ከዚያ በማበጠሪያ። ጥፍሯንም እዪ። መቧጨር ሲተዉ ጥፍሩ ዞሮ መዳፋቸው ውስጥ ይገባል። የእኔዋ ስታነክስ ወገቧ መስሎን ስንት ጊዜ ቆየን፤ ለካ አንዲት ጥፍር ናት።

ለሌሊቱ ጩኸት፣ ሐኪሙ ያለውን አድርጊ። ከዚያ ጋር ግን ልትተኚ ስትዪ ትንሽ አብያት፣ ትንሽ መብራትም ተዪላት። የእኔዋ ጆሮዋ ሲሄድ ነው መጮህ የጀመረችው። እኛ ያለንበትን አታውቅማ! ሄጄ ጀርባዋን ስነካት ትተዋለች። ከኋላ ሳይሆን ከፊት ሆነሽ ንኪያት፣ እንዳትደነግጥ።

ወንድምሽን ደግሞ አንገረብ ማዶ ሲሄድ እሱ ራሱ አሥራ አምስት ዓመት የኖረበትን ቤት ትቶ እንዲሞክረው ንገሪው። ድመት ቤት ነው የምትወደው። ያረጀችውን የሰፈር ውሻ አንድ ሌሊት አያሳድራትም።


የቅዳሜ ገበያዋ ሰፊ፦

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሳፋው ነገር ጨርሶ አልመጣልኝም ነበር። ልክ ኖት፣ የእኛው ሳፋ የልብስ ማጠቢያ ነው፤ ጥልቅ ነው። ማታውኑ የካርቶን ክዳን ላይ አሸዋ አድርጌላት ወጣችበት።

ዶክተር፣ ዓይኗ በመብራት ይጠባል፣ ዕቃም አትጋጭም። ሰኞ ጠዋት ይዣት እመጣለሁ።

እውነት ተናጋሪ፣ ኑሮውን እኔም አውቀዋለሁ፤ ክር የምገዛው በዚሁ ገበያ ነው። ግን ለዓመታት በነፃ የጠበቀችልኝን ጨርቅ ዋጋ ብትደምረው የምርመራውን ደጋግሞ ይከፍላል። ይህ የእኔና የእሷ ሒሳብ ነው።

የጾሙን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም። እማዬ አሁንም አልተንቀሳቀሰችም።


የአዲስ ዓለሙ፦

እህቴ፣ ይህ የእኔ ጥያቄ ነው። አዲስ ዓለም ሥጋ ቤት ነው የምሠራው። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አብረው ገብተዋል፤ እኛ ቀን ብንጾምም ሥጋ ቤታችን ክፍት ነው፣ ለማፍጠሪያ ይፈለጋል። የእናንተዎቹ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ የድመት ባለቤቶች ወደ እኛ ይመጣሉ። ወጣ ገባ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለድመት ነው» ይሉኛል። እኔም ለድመት መሆኑን አልጠራጠርም 😄

እናትሽ ሥጋውን ቤት አላስገባም ካሉ አይፈረድባቸውም። ያለ ጭቅጭቅ የሚሆነው እንዲህ ነው። ለድመቷ የራሷ ትንሽ ድስት ይኑራት፤ አሮጌ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይበቃል። ከሰሉን ደጅ አውጥተሽ እዚያው ቀቅይ። እኔ የማውቃቸው አንድ እናት እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ድስቱ ከግቢው ግንብ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል፣ ለፋሲካም ወደ ማድቤት አይገባም።

ሳንባና ልብ ልያዝልሽ፤ ርካሽ ነው። ልቡን ይበልጥ ይወዱታል። ጨው፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት የሚባል እንዳይነካው። በእኛ ቤት ድመት ንጹህ ናት፣ ከጠጣችበት ውኃ ለሶላት ውዱእ ይደረጋል፤ ስለዚህ ስለ ድመት ስትጠይቂኝ አታፍሪ።


የእንስሳት ሐኪም፣ ማራኪ፦

የአዲስ ዓለሙ ወንድማችን ስለ ሽንኩርት ያለውን ላጠናክር። ሽሮ ፍትፍቱ ክፋቱ ሽሮው ብቻ አይደለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፤ ቢበስልም ቢደርቅም ያው ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የምትበላ ድመት ቀስ በቀስ ደም ያንሳታል። ድመት ደግሞ እንደ እኛ በእህል መኖር አትችልም። ታውሪን የሚባል ነገር ከሥጋ ካላገኘች ልቧና ዓይኗ ይጎዳል። ልብ ላይ በብዛት አለ፤ ወንድማችን ሳያውቀው ጥሩ መርጧል። ሲቀቀል ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁን እንዳትደፊው። መረቁ ውኃም ይሆናታል፣ የደረቀውን ሆድም ያላላል።

ጉበት በየቀኑ አትስጪ። ቫይታሚን ኤ ይበዛባትና የአንገት አጥንቷ ይያያዛል። በሳምንት አንዴ ቁራሽ ይበቃል። ወተቱ ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል፣ ተዪው። እንቁላል ቀቅለሽ መስጠት ትችያለሽ። ከጎርጎራ የሚመጣው ቆሮሶም አጥንቱ በደንብ ከወጣለት መልካም ነው። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር እሜቴን አይመለከታትም።

ሌላ ያልጠየቅሽኝ ነገር። የልብስ ሰፊ ድመት ስለሆነች፦ ክር ከዋጠች፣ ጫፉም ከኋላዋ ቢታይ በፍጹም አትጎትቺው። አንጀቷን ይቆርጣል። አምጪያት።


የቅዳሜ ገበያዋ ሰፊ፦

ውጤቱን ልንገራችሁ። ሰኞ ሄድን። እንዳሉት ነው፤ እኔና እሜቴ ተራ የያዝነው ከአንድ በሬና ከሁለት አህዮች ኋላ ነበር። ቅርጫቱ ውስጥ ሆና አህዮቹን ገላመጠቻቸው።

ሐኪሟ አንገቷን በሁለት ጣት ዳሰሰችና እኔም እንድነካው እጄን ያዘችኝ። ከጉሮሮዋ በስተግራ የምስር ክክ የምታክል ነገር ትንሸራተታለች። ደሙም ያንኑ አረጋገጠ፤ እንቅርት ነው። ኩላሊቷ ለጊዜው ደህና ነው ተባለ። ሁለት ጥርሷ ተነቃንቋል፣ አንድ ጥፍሯም እትዬ እንዳሉት ዞሮ ነበር፤ እዚያው ተቆረጠላት። ክኒን ታዘዘላት፣ ጠዋትና ማታ። ማሳረፍ የሚባለውን ስጠይቅ ሐኪሟ «እስኪ መጀመሪያ እናክማት» አለችኝ።

ወንድሜ ማዳበሪያውን ለከሰል ወሰደው። እማዬ ደጅ መቀቀሉን ፈቀደች፣ ግን በቆርቆሮው ላይ በከሰል «የድመት» ብለሽ ካልጻፍሽ አለች። ጻፍኩ።

የአዲስ ዓለሙ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልቡን ልወስድ እመጣለሁ። ድምፄን ዝቅ አላደርግም።

አንድ የቀረኝ፦ ክኒኑን እንዴት ነው የማስውጣት? ዛሬ ጠዋት ተፋችው፣ ሁለተኛውንም ተፋችው፣ ከዚያ ከማሽኑ ሥር ገባች።


የእንስሳት ሐኪም፣ ማራኪ፦

በግድ አትክፈቺያት፣ ነገ ስታይሽ ትሸሻለች። ከምታመጪው የልብ ሥጋ ጣት የምታክል ሦስት ቁራጭ አዘጋጂ። የመጀመሪያው ባዶ፣ ሁለተኛው ክኒን ያለበት፣ ሦስተኛው ባዶ። ሦስተኛውን አፍንጫዋ ላይ ይዘሽ ሁለተኛውን ስጫት፤ ለሚቀጥለው ስትቸኩል ትውጠዋለች። ሆዷ ባዶ ሲሆን፣ ከምግቧ በፊት። ክኒኑን አትፍጪው፣ መራራ ነው። በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች ክኒኑንም አሸዋውንም እሷ አትንካው። አንቺም ከነካሽ በኋላ እጅሽን ታጠቢ።

ማስታወክ ከጀመረች፣ ፊቷን አብዝታ ከቧጨረች ወይም ምግብ ከዘጋት መድኃኒቱን አቁሚና ይዘሻት ነይ። ደህና ብትሆንም ከሦስት ሳምንት በኋላ ደሟ እንደገና ይታይ። እንቅርቱ ሲሮጥ ደሙን ወደ ኩላሊት በኃይል ስለሚገፋ የታመመ ኩላሊት ደህና ሊመስል ይችላል። መድኃኒቱ ሲያረጋጋው ነው ትክክለኛው የሚታየው። ቀኑ ፋሲካ ላይ ከወደቀ ማግስቱን ነይ፤ በዓሉን እኛም እናከብራለን።